ፈረሱ አሁን የት ነው?

ሰኞ ሰኞ በፔንሲልቬኒያ ላንካስተር አውራጃ፣ ኒው ሆላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የፈረስ ጨረታ አለ። አካባቢው አሚሾች የሰፈሩበት ነው፤ መኪና የማይነዱ፣ ማሳቸውን በፈረስ የሚያርሱ፣ በጋሪ የሚጓዙ ገበሬዎች። ለጨረታ የሚቀርበው ፈረስ ግን ከእነሱ በረት ብቻ የወጣ አይደለም። መጎተቻ ትከሻውን የላጠው የእርሻ ፈረስ ይመጣል። እሽቅድምድም ያበቃለት፣ ዕድሜው ገና ስድስት ዓመት ያልሞላ ቀጭን ፈረስ ይመጣል። የቤቱ ልጅ ኮሌጅ ስትገባ ጠያቂ ያጣ ድንክ ፈረስ፣ ያረገዘች ባዝራ፣ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ፣ ሁሉም ዳሌው ላይ ቁጥር ተለጥፎበት በየተራ ይገባል። አጫራቹ ትንፋሽ ሳይሰበስብ ዋጋ ይጠራል። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ የሚፈጀው ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ከተጫራቾቹ መካከል ለሥራ ወይም ለልጁ መጋለቢያ የሚፈልግ ገዢ አለ። ፈረሱን በዓይኑ እየመዘነ ሥጋው በፓውንድ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሰላ፣ ለእርድ የሚገዛ ነጋዴም አለ። ከእነዚህ ጎን ደግሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ፣ ፈረሶችን ከእርድ ከሚያስጥል የፈረስ አዳኝ ድርጅት የመጣ ሰው ይቆማል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን ሦስተኛውን ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገዛ ገንዘባቸው ለገዛ ጥቅማቸው ይገዛሉ። አዳኙ ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ፣ መናገር በማይችል ፍጡር ስም ይገዛል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፤ በተግባር ግን ከሁሉም ያነሰ ጥያቄ የሚቀርበው ለእሱ ነው።

ከጨረታ በኋላ ያለው ታሪክ በየስልካችን ይቀጥላል። ከአጥር ጀርባ አንገቷን ያቀረቀረች ባዝራ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ፣ የጭነት መኪናው ዓርብ እንደሚመጣ፣ እስከ ሐሙስ ማታ ዘጠኝ መቶ ወይም አንድ ሺህ ዶላር ካልተገኘ ወደ ሜክሲኮ እንደምትጫን ይጻፋል። በተለይ ነጋዴዎች ለእርድ የገዟቸውን ፈረሶች ከሚያቆዩባቸው የቴክሳስና የኦክላሆማ በረቶች እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሳምንት ከሳምንት ይወጣል። የሌሊት ፈረቃ ላይ ያለች ነርስ ሃያ ዶላር ትልካለች፤ ጡረተኛው አምሳ ይልካል። ሐሙስ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ገንዘቡ ይሞላል፤ "ዳነች!" ተብሎ ይጻፋል፤ የልብ ምልክት ይዘንባል። ያዋጣው አርባ ሰው እፎይ ብሎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ባዝራዋ የት እንደገባች ከአርባው ስንቱ ያውቃል?

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ፈረስ የሚያርዱት የመጨረሻዎቹ ሦስት ቄራዎች፣ ሁለቱ በቴክሳስ አንዱ በኢሊኖይ፣ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የክልሎቹ ሕግና የፌዴራሉ ኮንግረስ ለሥጋ ምርመራ የሚመድበውን በጀት መከልከሉ ተደምሮ ነው ያዘጋቸው። እርዱ ግን አልቆመም፤ ድንበር ተሻገረ። የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2010 ብቻ ወደ 138,000 የሚጠጋ ፈረስ ለእርድ ወደ ካናዳና ሜክሲኮ መላኩን ገለጸ። ቄራዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት በአገር ውስጥ ይታረድ ከነበረው ቁጥር የሚያንስ አልነበረም። ልዩነቱ መንገዱ መርዘሙ ነው። የፌዴራሉ ደንብ አንድ ፈረስ ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃና ያለ ዕረፍት እስከ 28 ሰዓት እንዲጓዝ ይፈቅዳል።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ጠብቧል። የአሜሪካ ፈረሶች በሕይወት ዘመናቸው ለሰው ምግብ የማይፈቀድ መድኃኒት፣ በተለይ ፌኒልቡታዞን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ፣ ስለሚሰጣቸው የአውሮፓ ኅብረት የሜክሲኮን የፈረስ ሥጋ ከ2015 ጀምሮ ከለከለ። በካናዳ ታርደው ሥጋቸው ወደ አውሮፓ የሚላከውም ከእርድ በፊት ስድስት ወር እዚያው እንዲቆዩ አስገደደ። ለእርድ ድንበር የሚሻገረው ፈረስ ቁጥር በቅርብ ዓመታት በዓመት ወደ 20,000 ገደማ ወርዷል። አሁንም ብዙ ነው፤ አንድም ፈረስ ባይሄድ ደስ ባለኝ። ነገር ግን እርዱ በዚህ መጠን ሲቀንስ የ"ዓርብ ይጫናል" ማስታወቂያው አለመቀነሱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ነጋዴው ፈረሱን በጨረታ በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛዋል። ለቄራ ቢልከው የማጓጓዣውን፣ የሐኪም ወረቀቱንና በመንገድ የሚጎዳውን ሁሉ ችሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፎቶ አንስቶ ቤዛ ቢጠይቅበት ግን ከፍ ያለ ዋጋ ያገኛል፤ ማጓጓዣውንም የሚከፍለው አዳኙ ነው። ያ ትርፍ የሚቀጥለው ሳምንት ጨረታ ላይ መልሶ ይታያል። ነጋዴው ተጨማሪ ፈረስ ይገዛል፤ አንዳንዴም ፈረሱን ለልጃቸው ሊወስዱ ከነበሩ ባልና ሚስት ላይ ዋጋ ጨምሮ ይነጥቃል። ርኅሩኁ ለጋሽ አንዲት ባዝራ አስጥሎ፣ ሳያውቅ ሁለት ፈረስ የሚገዛበትን ገንዘብ ለነጋዴው አስታቅፏል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ቄራ የሚፈልገው ሥጋ ያለው፣ የጎለመሰና መንገድ የሚችል ፈረስ ነው። አጥንቱ የወጣ፣ አንካሳ ወይም ገና ጡት ያልጣለ ውርንጭላ ለእርድ ንግድ እምብዛም አይጠቅምም። እንባ የሚያስመጣው ፎቶ ግን የእነዚህ ነው። ስለዚህ "ዓርብ ይታረዳል" ከሚባሉት ውስጥ ከመጀመሪያውም ለቤዛ ብቻ የተገዙ እንዳሉ መጠርጠር ተገቢ ነው። ለጋሹ ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። መለየት የሚችለው በመካከል የቆመው አዳኝ ድርጅት ነው፤ ከነጋዴው ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ የሚጽፍ ድርጅት ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ የራሱ የሆነ አንድ ጋሻ ግጦሽ እንኳ የለውም፤ ሥራው የነጋዴውን ፈረሶች ፎቶ መለጠፍና ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻ ነው። ለአንድ ፈረስ ሁለት ሦስት ቡድን በአንድ ሌሊት ገንዘብ የሚሰበስብበት ጊዜም አለ። ትርፉ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው "ፈረስ ጠል" ተብሎ ይሰደባል።

የፈረሱ ፈተና ደግሞ የሚጀምረው ከበረቱ በወጣበት ቀን ነው። ከብዙ ቦታ የተሰበሰቡ ፈረሶች በአንድ ገንዳ ከጠጡ፣ የጉሮሮ እጢ የሚያሳብጠውና በፍጥነት የሚተላለፈው ስትራንግልስ የሚባል በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። በዚህ የተነሳ ኃላፊነት የሚሰማው አዳኝ አዲስ የመጣን ፈረስ ለሳምንታት ለብቻው አግልሎ ያቆያል። የተራበ ፈረስ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አዝኖ እህል የሚሰፍርለት ሰው ሊገድለው ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ ባዶ የቆየ ሰውነት ድንገት ስኳርና ስታርች ሲገባበት የደም ንጥረ ነገሮች ሚዛን ይዛባና ልብ ይደክማል። ትክክለኛው አያያዝ አልፋልፋ የሚባለውን ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ ሌሊትም ሳይቀር በየአራት ሰዓቱ እየሰጡ ቀን በቀን ማሳደግ ነው።

ሐኪሙ ሁኔታውን የሚመዘግብበት መንገድም አለ። ዶክተር ሄኔክ የተባሉ ተመራማሪ በ1983 ያወጡት፣ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ መለኪያ ነው። ሐኪሙ መዳፉን አንገቱ ላይ፣ ከኮርቻው ፊት ባለው ከፍታ ላይ፣ ከትከሻው ኋላ፣ የጎድን አጥንቱ ላይ፣ ወገቡ ላይና የጭራው ሥር ላይ እያሳለፈ ስብ መኖሩን ይዳብሳል። አንድ ያገኘ ፈረስ በቆዳ የተሸፈነ አጥንት ነው፤ አምስት ያገኘው ጤነኛ ነው። ይህ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ እጅና እርሳስ ይበቃዋል። "ይህ ፈረስ የገባ ቀን 2 ነበር፤ ከሦስት ወር በኋላ 4 ደርሷል" ብሎ ቀን ጽፎ የሚያሳይ ድርጅት ሥራውን ሠርቷል። ከመዳኛው ቀን ፎቶ በቀር ሌላ ፎቶ የሌለው ግን ሊጠየቅ ይገባል።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። በአሜሪካ የእሽቅድምድም ፈረሶችን በጡረታ ለመንከባከብ ከተቋቋሙት ቀዳሚው፣ ቶሮብሬድ ሪታየርመንት ፋውንዴሽን የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የተመሠረተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በ1984 በኒው ዮርክ ዎልኪል እስር ቤት የጀመረው ሥራ እስከ ዛሬ የሚመሰገን ነው። ታራሚዎች የጡረታ ፈረሶችን ይንከባከባሉ፤ ሙያም ይማራሉ። ባለጠጋው የፈረስ አፍቃሪ ፖል ሜሎን ሲሞቱ ለድርጅቱ በሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ውርስ ተሰጠው። ስሙ የተከበረ፣ ቦርዱ የታወቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነበር።

በመጋቢት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ሌላ ነገር አወጣ። ድርጅቱ ከአንድ ሺህ በላይ ፈረሶችን በየግዛቱ ባሉ የግል እርሻዎች አስቀምጦ ለእርሻዎቹ የሚከፍለውን ገንዘብ እያዘገየ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይከፍል ቆይቷል። ድርቆሽ ሳይገዛ ቀረ። ከሜሎን ውርስ ጋር በተያያዘ የተላከች የእንስሳት ሐኪም እርሻዎቹን ስትዞር የተራቡ፣ ሰኮናቸው ያልተከረከመ፣ ጥርሳቸው ያልታየ ፈረሶች አገኘች። በኦክላሆማ በነበረ እርሻ ደብዛቸው የጠፋም ነበሩ። ድርጅቱ ዘገባውን ተቃወመ። በ2012 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤሪክ ሽናይደርማን፣ ቦርዱ ለፈረሶቹም ለገንዘቡም የሚገባውን ጥበቃ አላደረገም ብለው ክስ መሠረቱ። ድርጅቱ ክሱን ቢያስተባብልም ክርክሩ በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ድርጅቱ ዛሬም እየሠራ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚያሳዝነኝ፣ አንድም ሰው ፈረስ ለማስራብ አስቦ አለመነሳቱ ነው። በቅን ልብ የተጀመረ ሥራ ነበር። ግን አንድ አምስት መቶ ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን አሥር ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይበላል፤ በዓመት ከሦስት ቶን ተኩል በላይ ማለት ነው። ፈረስ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት ይኖራል። በአምስት ዓመቱ ከእሽቅድምድም የወጣ ፈረስ ተቀበልሁ ማለት ለሃያ ዓመት ቀለብ ቃል ገባሁ ማለት ነው፤ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ሰኮና መከርከሙን፣ ሐኪሙንና መድኃኒቱን ሳይጨምር። ለጋሽ የሚያጨበጭበው ለመግቢያው ቀን ስለሆነ ድርጅቶች መግቢያውን ያበዛሉ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የቤዛው ገንዘብም ፈረሱን እስከ በሩ ያደርሰዋል፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሃያ ዓመት የሚዋጋለት ግን ሌላ ነው።

ይህ ሥራ በሐቅ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ካይሮ መሄድ ይበቃል። ዶረቲ ብሩክ የምትባል እንግሊዛዊት በ1930 ከወታደሩ ባሏ ጋር ግብፅ ገባች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር የጋለባቸው ፈረሶች ጦርነቱ ሲያልቅ እዚያው ተሸጠው፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሆነ ዕድሜያቸው በካይሮ ጎዳናዎች ጋሪና ድንጋይ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች። ገንዘቡ ጎረፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ ፈረሶችን ገዛች።

አብዛኞቹን ያለ ስቃይ እንዲሞቱ አደረገች። ይህን ከለጋሾቿ አልደበቀችም። የገንዘቡ ዓላማ ያረጁትንና የተሰበሩትን ከስቃይ መገላገል መሆኑን በግልጽ ተናግራለች። ባለቤቶቹንም ጨካኝ ብላ አልረገመችም፤ ራሳቸው ድሆች መሆናቸውን ጽፋለች። በ1934 ደግሞ ከግዢ አልፋ በካይሮ ሠራተኛ ፈረሶችንና አህዮችን በነጻ የሚያክም ሆስፒታል አቋቋመች። ዛሬ በስሟ ብሩክ ተብሎ የሚጠራው ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ይሠራል።

ስለ መግደል ማንሳቴ ለአንባቢ ሊከብድ እንደሚችል አውቃለሁ። ግን በፈረስ አዳኞች ዓለም ከሁሉ የሚደበቀው ነገር ይህ ነው። "አንድም አንገድልም" የሚል መፈክር ገንዘብ ያመጣል። በዚያው መፈክር የተነሳ እግሩ የማይድን ፈረስ ለዓመታት በሕመም ይቆማል፤ ለሃያ የተሠራ በረት ስልሳ ይታጨቅበታል። በየጊዜው ፖሊስ ገብቶ የተራቡ እንስሳት የሚያወጣባቸው ቦታዎች ውስጥ ራሳቸውን አዳኝ ብለው የሚጠሩ አሉበት። ስንት ፈረስ ገባ፣ ስንት ቤት አገኘ፣ ስንት ሞተ፣ ስንቱን ሐኪም ከስቃይ ገላገለ ብሎ በየዓመቱ የሚያትም ድርጅት ይከበርልኝ፤ ቁጥሩ ባያምርም።

አሜሪካ የምንኖር ይህን ለማጣራት የሚረዳ መሣሪያ በእጃችን አለ። ከግብር ነጻ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ ፎርም 990 የሚባለውን ማቅረብ አለበት፤ ቅጹም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ የቦርድ አባላቱ ስም፣ ለፈረሶቹ የወጣው ወጪ አለበት። ሼጁል ኤል የሚባለውን ገጽ ማየት ደግሞ እጅግ ይጠቅማል። ድርጅቱ ከኃላፊዎቹና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ያደረገው ብድርና ግብይት የሚገለጸው እዚያ ነው። ግጦሹን ለድርጅቱ የሚያከራየው የሥራ አስኪያጇ ባል ከሆነ ወንጀል ላይሆን ይችላል፤ ለጋሹ ግን ማወቅ አለበት።

መሣሪያው ቀዳዳም አለው። በዓመት ከ50,000 ዶላር በታች የሚሰበስብ ድርጅት የሚልከው ስም፣ አድራሻና የመሳሰለው ጥቂት ነገር ብቻ ያለበት አጭር ማስታወቂያ ነው፤ ወጪና ገቢ አይታይበትም። ብዙ ትናንሽ ፈረስ አዳኞች እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ሳይመዘገብ በግለሰብ የባንክ ሒሳብና በስልክ ገንዘብ የሚቀበለውማ ማንም አያየውም። የሚቀረው የድርጅቱ በጎ ፈቃድና የእኛ ጥያቄ ነው። ራሳቸውን በፈቃዳቸው ለምርመራ የሚያቀርቡ አሉ። ከ2007 ጀምሮ ያለው የእንስሳት መጠለያዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና በ2012 የተቋቋመው ቶሮብሬድ አፍተርኬር አላያንስ ቦታው ድረስ ሰው ልከው፣ በረቱን፣ የሕክምና መዝገቡንና ሒሳቡን አይተው ዕውቅና ይሰጣሉ።

ከአዳኞች ወገን የሚሰማውን አቤቱታ አቃልዬ አላየውም። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፣ በበረዶ ውኃ እየተሸከሙ፣ የራሳቸውን ቤት አስይዘው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። "ኦዲተር የምንቀጥርበት ገንዘብ አሥር ፈረስ ይቀልባል" ይላሉ። እውነት ነው፤ ኦዲት ውድ ነው። የፈረስ ዝርዝር መጻፍ ግን ውድ አይደለም። በየፈረሱ ስም፣ የገባበት ቀን፣ ከማን እንደተገዛ፣ በስንት፣ አሁን የት እንዳለ፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ይህን ለማሳየት የሚያንገራግር ሰው የሚያንገራግረው በወጪ ምክንያት ነው ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

ለእኛ ለሐበሾች ፈረስ ሩቅ ነገር አይደለም። ነገሥታታችን በፈረስ ስማቸው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ተብለው የሚጠሩበት አገር ልጆች ነን። በአዊ ዞን እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አገር ይሰበሰባል። ዛሬም ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ያበላል። ሲያረጅና ሲያነክስ በየመንገዱ ዳር ተለቅቆ መኪና የሚገጨውም ያው ፈረስ ነው። ቢሾፍቱን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች ብሩክ፣ ስፓና እና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉት ድርጅቶች የሚሠሩት ሥራ በአብዛኛው ሕክምናና ትምህርት ነው፤ ቁስል ማጠብ፣ ለባለጋሪው የኮርቻ አያያዝ ማሳየት። እንስሳውን ከባለቤቱ መግዛት ቀላል ነበር። ግን ባለጋሪው በዚያ ገንዘብ ነገ ሌላ ፈረስ ይገዛል፤ ቁስሉም በሌላ ጀርባ ላይ ይደገማል።

ይህን የምጽፈው እጃችሁን እንድትሰበስቡ አይደለም። የሚረዳ ፈረስ ብዙ ነው፤ የሚታመኑ አዳኞችም አሉ፤ ገንዘብ የሚቸግራቸው ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ምክንያቱም "ዓርብ ይሞታል" ብለው አያስፈራሩም። በሚቀጥለው ጊዜ የአንድ ፈረስ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከመላካችሁ በፊት ለድርጅቱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከስድስት ወር በፊት ያዳናችሁት ፈረስ አሁን የት ነው? ነጋዴው በስንት ገዝቶት እናንተ በስንት ወሰዳችሁት? ባለፈው ዓመት ስንት ፈረስ ሞተባችሁ? መልስ ከሰጧችሁ፣ ሰዓቱ ቢያልፍም ላኩላቸው። ዝም ካሏችሁ፣ ያን ሃያ ዶላር ለሚመልስላችሁ ድርጅት ድርቆሽ ግዙበት።